ሕፃኑን አስተኝቶ ዘወር ማለት ጭካኔ አይደለም



ዛሬ ልንጽፍላችሁ የወደድነው ስለ ደመወዝ ወይም ስለ ኢቃማ አይደለም፤ ስለ ሕፃን ለቅሶ ነው። ነገሩ ተራ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ሁላችንም ታናናሾቻችንን አዝለን ያደግን ነን፤ እሹሩሩ ማለትን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። ነገር ግን ሀገር ቤት ሕፃን ሲያለቅስ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ ጎረቤት አለች፤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ጅዳ ላይ ግን በሩ በተቆለፈ ቤት ውስጥ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ያ ሕፃን ያለው ከአንዲት ሴት ጋር ብቻ ነው። እርሷም ከንጋት ጀምራ ስትሠራ የዋለች ናት።

በተለይ የረመዳንን ወር በሥራ ያሳለፋችሁ ታውቁታላችሁ። ቤቱ ሌሊቱን እንደ ቀን ይነቃል፣ ሳህኑ ታጥቦ አያልቅም። ቤተሰቡ ለዑምራ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መካ ሲሄድ፣ ክርስቲያን የሆነችው እህታችን ወደዚያች ከተማ መግባት ስለማይፈቀድላት ከሕፃኑ ጋር ጅዳ ትቀራለች። (የሙስሊም ስም ተሰጥቷት የሄደችም አለች፤ እርሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እንመለስበታለን።) ሙስሊም እህታችን ደግሞ ሕፃኑን ታቅፋ አብራ ትሄዳለች፣ በዚያ ሁሉ ሰው ግፊት መካከልም ታባብለዋለች። ለሁለቱም የሚሰጠው ትእዛዝ ግን አንድ ነው፦ «እንዳያለቅስ!»

እኛ የምንለው፣ አደጋው ያለው በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ነው። ሕፃን ያለቅሳል። ጤነኛ ሕፃን እንኳ ከተወለደ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ለቅሶው እየጨመረ ይሄድና ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ይብስበታል፤ በዚያ ጊዜ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት ቢያለቅስ የሚያስደንቅ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ የሚብሰው አመሻሹ ላይ ነው። ሦስትና አራት ወር ሲሆነው እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ በላ፣ ታጠበ፣ ተቀየረ፣ ገሳ፣ አሁንም ያለቅሳል ማለት ሠራተኛዋ ሰነፈች ማለት አይደለም። ይህን ማዳምም ልታውቀው ይገባል፤ ከሁሉ በፊት ግን እኛው ራሳችን ልናምነው ይገባል። ብዙዎቻችን የሕፃኑን ለቅሶ እንደ ክስ እንሰማዋለንና።

ክስ ሆኖ የተሰማት፣ እንቅልፍ ያጣች፣ ከወዲያኛው ክፍል የተጮኸባት ሴት ምን ታደርጋለች? ቶሎ ቶሎ ታወዛውዘዋለች። ከዚያ በኃይል። ከዚያ ብብቱን ይዛ ትነቀንቀዋለች። እህቶቻችን፣ እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አንብቡ። የሕፃን ጭንቅላት ለሰውነቱ ከባድ ነው፣ አንገቱ ደግሞ ገና አልጠነከረም። ሲነቀነቅ አንጎሉ ከራስ ቅሉ ጋር ይላተማል፣ የደም ሥሮች ይበጠሳሉ። ሊታወር፣ ሽባ ሊሆን፣ ሊሞት ይችላል፤ በውጭ ግን አንድም ቁስል ላይታይ ይችላል። ለዚህ ደግሞ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቃሉ። ይህን የሚያደርጉት ክፉ ሰዎች ብቻ አይደሉም። የገዛ ልጃቸውን የሚወዱ አባቶችና እናቶችም በየሀገሩ አድርገውታል።

ስለዚህ እጃችሁ ሲንቀጠቀጥ፣ ጥርሳችሁ ሲገጥም ከተሰማችሁ ሕፃኑን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኙት። ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አጠገቡ አይኑር። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ውጡ። ፊታችሁን ታጠቡ፣ አባታችን ሆይ በሉ፣ ውኃ ጠጡ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ ተመለሱ። በአልጋው ውስጥ እያለቀሰ ያለ ሕፃን በእነዚያ አሥር ደቂቃዎች የሚደርስበት ጉዳት የለም። ታቅፋችሁት ሶፋ ላይ ቁጭ እንዳላችሁ እንቅልፍ ቢጥላችሁ ግን ሊታፈን ይችላል።

ይህን ምክር ስንሰጥ «ልጅ እያለቀሰ ጥሎ መሄድ የክርስቲያን ሥራ ነው ወይ?» ያለችን እህት አለች። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21ን እንድታነብ ነገርናት። አጋርም እንደ እኛ በሰው ቤት የምታገለግል፣ ከሀገሯ ርቃ የምትኖር ግብፃዊት ነበረች። ውኃው ባለቀ ጊዜ ልጁን ከቁጥቋጦ ሥር አኑራ የቀስት ውርወራ ያህል ራቀች። እግዚአብሔር የልጁን ድምፅ ሰማ፣ የእርሷንም ዓይን ከፈተላት፣ የውኃ ጉድጓድም አየች። የእኛ መጽሐፍ ቦታውን የቤርሳቤህ ምድረ በዳ ይለዋል። ሙስሊም እህቶቻችን ደግሞ ልጁ ገና የሚጠባ ሕፃን እንደነበረ፣ እናቱም በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሰባት ጊዜ እንደተመላለሰች፣ ውኃውም የመካው ዘምዘም እንደሆነ ያምናሉ፤ ለዑምራ የሚሄደው ሁሉ ዛሬም የእርሷን መንገድ ይመላለሳል። እርግጥ አጋር የራቀችው የልጁን ሞት ላለማየት ነው፣ የእኛ ከዚያ ይለያል። ቢሆንም ራቅ በማለቷ ክፉ እናት ያላት የለም።

ሌላው የሚያስፈራን ነገር ትንታ ነው። ስሪላንካዊቷ ሪዛና ናፊክ እ.ኤ.አ. በ2005 ሳውዲ ዓረቢያ ስትገባ በልደት ምስክር ወረቀቷ መሠረት 17 ዓመቷ ነበር፤ ፓስፖርቷ ላይ ግን ዕድሜዋ ከፍ ተደርጎ ነበር። በገባች በሳምንታት ውስጥ እንድትይዘው የተሰጣት የ4 ወር ሕፃን ሞተ። እርሷ ጡጦ ሳጠባው ወተት አነቀው አለች፣ ፍርድ ቤቱ ግን ገደለችው ብሎ ፈረደባት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2013 ደዋድሚ በተባለች ከተማ በሰይፍ ተገደለች። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሠራተኞች ሕፃናትን ገደሉ በሚል የሳውዲ መንግሥት የኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን ቅጥር ለጊዜው አቆመ፤ ያን ጊዜ የሁላችንም እጅ በጥርጣሬ ይታይ ነበር።

እንግዲህ ጡጦውን በትራስ ደግፋችሁ ሕፃኑን ብቻውን አትተዉት። ራሱን ቀና አድርጋችሁ አጥቡት፣ በየመካከሉ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ አስገሱት። ቢታነቅና ማልቀስም ማሳልም ቢያቅተው፣ በክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኙት፣ ራሱ ከደረቱ ዝቅ ይበል፣ በመዳፋችሁ ተረከዝ በትከሻዎቹ መካከል አምስት ጊዜ ምቱት። ካልወጣለት ገልብጡትና በሁለት ጣት የደረቱን መሐል አምስት ጊዜ ተጫኑ። እስኪተነፍስ እያፈራረቁ መድገም ነው። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣታችሁን ጉሮሮው ውስጥ አታስገቡ።

ዝም እንዲል ብላችሁ ማስተኛ መድኃኒት ከቶ አትስጡት፣ ማዳም «ስጪው» ብትልም እንኳ። ማርም ዓመት ሳይሞላው አይቀምስም፤ ለሕፃን ብርቱ መርዝ የሚሆን ነገር ሊኖርበት ይችላል። ሀገር ቤት ቅቤ ማዋጥ፣ ለቁርጠት ጤና አዳም ማጠጣት ለምደናል፤ እነርሱ ደግሞ ያንሱን ያፈላሉ። ስድስት ወር ላልሞላው ሁሉም ይቅርበት፣ ውኃም ቢሆን። የሚያረጋጋው የምናውቀው ነው፦ ደረት ላይ መለጠፍ፣ ጀርባውን መታ መታ ማድረግ፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ዝቅ ያለ ዜማ። ኤሲው በርዶትም ሊሆን ይችላል፣ ተደራርቦ ለብሶ ሞቆትም። የእግሩን ጣቶች እዩ፤ የካልሲ ክር ወይም ፀጉር ተጠምጥሞ ሲያስለቅስ ይገኛል።

ዕረፍትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የሳውዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጠን ደንግጎ ነበር፤ በኋላ የተተካውም ደንብ ዕረፍታችንን አልሰረዘም። ሕፃን ሌሊት የምትይዝ ሴት ቀን መተኛት አለባት። ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ ለልጁ ደኅንነት መቆም ነው፤ ማዳምንም የሚያሳምናት በዚህ በኩል ቢነገራት ነው። እዚህ ከጉዞ በፊት የሚያሠለጥኑንም ስለ ልብስ ማጠቢያው ማሽን የሚያወሩትን ያህል ስለዚህ ቢያወሩ ምን አለበት?

ከእኛ መካከል የራሷን ሕፃን ለእናቷ ትታ የሄደች ብዙ ናት። የሰው ልጅ ሲያለቅስ የራሷ ልጅ ለቅሶ ይመጣባታል፤ አንዳንዴ ያንን ሕፃን ትወደዋለች፣ አንዳንዴም ማየት ያስጠላታል። ሁለቱም በአንድ ሌሊት ይሆናል። ለማን እንደምትናገረው ስለማታውቅ ነው እንጂ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው።

በመጨረሻ፣ ለቅሶው የበሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ትኩሳቱ 38 ከደረሰ፣ አልጠባም ካለ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ ከዛለ፣ መተንፈስ ካስቸገረው ወይም እርግብግቢቱ ካበጠ ማዳም ተኝታም ቢሆን ቀስቅሷት። «ማማ፣ ቤቢ ታዕባን፣ ላዚም ሙስተሽፋ» ማለት ይበቃል። ሰው ከሌለ ጅዳም መካም 911 ይደወላል፤ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው። ቁጥሮቹን ፍሪጁ ላይ ለጥፏቸው። የሰፈሩንም ስም አስቀድማችሁ ጠይቁና አጠገባቸው ጻፉት፤ ከእኛ ውስጥ የኖረችበትን ሰፈር ስም ሳታውቅ ሁለት ዓመት ጨርሳ የተመለሰች አለች።