ጠመንጃው ተገጠመ እንበል፤ ጥይቱስ ከየት ይመጣል?

እዚህ ቨርጂኒያ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ላይ የምንሰባሰብ ጥቂት ወገኖች የምንከራከረው ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ብቻ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ካለ ተሳስቷል። ሰሞኑን ያጨቃጨቀን የጥይት ጉዳይ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ አንድ ወዳጄ፣ ለሩቅ ዒላማ የሚሆን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ ክፍሎቹን አንድ በአንድ እየገዛ ሊገጣጥም ቆርጦ ተነሥቷል። በዚህ አገር የፌዴራል ሕግ ዘንድ ጠመንጃ ተብሎ የሚቆጠረው ቃታው የሚቀመጥበት የታችኛው አካል ብቻ ስለሆነ፣ የቀረው ሁሉ እንደ መጽሐፍ በፖስታ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። መነጽሩን መርጧል፤ ሰደፉን መርጧል። ያልመረጠው ጠመንጃው የሚጎርሰውን ጥይት ነው። ልቡ ያረፈው ደግሞ የአሜሪካ ምድር ጦር በ2022 ለአዲሱ ጠመንጃው በመረጠው 6.8 ሚሊ ሜትር ጥይት ላይ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

«ጦሩ ያላወቀውን እኛ ልናውቅ ነው?» አለ። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩትም ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ብቻ ተቃወምኩ፤ «ዶክተር፣ አንተ የድሮ ሰው ነህ» ተባልኩና ወሬው ተለወጠ። በወጉ ያልተደመጠልኝን ሙግት እነሆ ለአንባብያን አቀርባለሁ።

ሰዎች ካሊበር ሲባል የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ብቻ ይመስላቸዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። የንጉሠ ነገሥቱ ጦር የያዘው አሜሪካ ሠራሽ ኤም-1 የቀዳዳው ስፋት 7.62 ሚሊ ሜትር ነበር። በኋላ የመጣው ኤም-14ም 7.62 ነው። ክላሽም 7.62 ነው። ነገር ግን የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም፤ የቀለሃቸው ርዝመት በቅደም ተከተል 63፣ 51 እና 39 ሚሊ ሜትር ነውና። በ1977 ደርግ ከዋሽንግተን ተቆራርጦ ወደ ሞስኮ ሲዞር፣ በኦጋዴን ጦርነት መካከል አገሪቱ የለወጠችው ወዳጅ ብቻ አልነበረም፤ የወታደሩን ዝናር ጭምር እንጂ። የቀዳዳው ስፋት ያው ሆኖ ሳለ ጥይት አቅራቢው ተለወጠ። እንግዲህ ካሊበር መምረጥ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ ከማን ጋር እንደምትተዳደር መምረጥ ነው።

አባቶቻችን ይህን ያለ ዶክትሬት ያውቁት ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የውጅግራ ጥይት በገበያችን ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይዘዋወር ነበር። ውጅግራ ከዘመኑ ጠመንጃዎች ሁሉ የላቀ ስለነበረ አይደለም፤ ፈረንሳዮች ራሳቸው ከ1886 ጀምሮ በሌላ ተክተውታል። ጥይቱ ዋጋ ያገኘው፣ የተቀበለው ሰው ነገ የሚፈልገው ሌላ ሰው እንደማያጣ ስለሚያውቅ ነው።

አሁን ወደ ወዳጄ ዋነኛ መከራከሪያ ልመለስ። ጦሩ ያውቃል ይላል። የትኛው ጦር? እንግሊዝ በ1951 ኢኤም-2 የተባለውን፣ ሰባት ሚሊ ሜትር ጥይት የሚጎርሰውን ጠመንጃ ለጦሯ መርጣ ነበር። አሜሪካኖች ግን ከ.30 ካሊበር በታች አንወርድም አሉ። ቸርችል ወደ ሥልጣን ሲመለሱ ውሳኔው ተሻረ፤ በ1954ም የአሜሪካው 7.62 በ51 የኔቶ መደበኛ ጥይት ሆነ። ያችው አሜሪካ ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ በቬትናም ለወታደሮቿ በ5.56 የሚተኩሰውን ኤም-16 አስያዘች! ኔቶም በ1980 ተከተላት። ይህን ታሪክ ያነበበ ሰው፣ መንግሥታት ጥይት የሚመርጡት ሚዛንና ሜትር ይዘው ብቻ ነው ብሎ እንዴት ይሟገታል?

ልዩነቱ ይህ ነው፦ መንግሥት ቢሳሳት የራሱ ፋብሪካ አለው። ሚዙሪ የሚገኘው ሌክ ሲቲ የተባለው የጥይት ፋብሪካ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ጦሩ አዲስ ጥይት ሲያሻው አዲስ መሥመር ይዘረጋለታል። ወዳጄ ያለው ደመወዝና የቤት ብድር ነው። አዲሱ ጥይት የሚፈለግበትን ፍጥነት የሚሰጠው በ80,000 ፒኤስአይ ግፊት ሲሆን፣ ይህን ለመቋቋም የቀለሃው መቀመጫ ከብረት ይሠራል። የተለመደው .308 ዊንቸስተር 62,000 ይበቃዋል። ልዩነቱን አካሉም፣ መቀርቀሪያውም፣ ኪስም ይከፍሉታል።

እኔስ ከዚህ ነፃ ነኝን? አይደለሁም። በ2018 የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ስገጣጥም፣ አንድ ሻጭ በዚያው ሰሞን የወጣ ቀጭን ጥይት የሩቅ ዒላማን ነገር ሁሉ እንደሚለውጠው አሳመነኝ። ሠንጠረዡን አየሁ፤ ቁጥሮቹ ያማልላሉ፤ ምሁር ደግሞ በሠንጠረዥ መታለል ይወዳል። በ2020 በዚህ አገር የጥይት እጥረት ሲመጣ ሌሎች በውድም ቢሆን አንዳንድ ሣጥን ያገኙ ነበር። እኔ ግን ከመደብር መደብር ስዞር ከረምኩ። ያ ጠመንጃ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ቁም ሣጥን ውስጥ ቆመ። ባለቤቴ ስለ ዋጋው ያለችውን እዚህ አልጽፈውም።

በርግጥ 6.5 ክሪድሙርን የሚያነሣ ተቃዋሚ አለ፤ ይህኛው የሚከበር ተቃዋሚ ነው። ሆርናዲ በ2007 ያወጣው ይህ ጥይት አረሩ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ነፋስ የሚገፋው ጥቂት ነው፤ የተለመደው የ.308 አረር አንድ ሺህ ያርድ አካባቢ ወደ ድምፅ ፍጥነት ሲወርድና መንገዱ መናወጥ ሲጀምር፣ እርሱ ገና ከድምፅ ቀድሞ ይሄዳል። ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምትም ይለዝባል። ገበያውንም አልፎታል፤ ዛሬ በየመደብሩ አለ። ይህን ሁሉ እቀበላለሁ።

ሆኖም ለመጀመሪያ ጠመንጃ .308 እላለሁ። ክሪድሙር አፈሙዙን ይበላል፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሺህ ተኩስ ገደማ ጥራቱ ይወርዳል ይባላል፤ .308 ግን አምስት ሺህና ከዚያ በላይ ይሄዳል። ጀማሪ ደግሞ ብዙ የሚተኩስና ብዙ የሚስት ሰው ነው። ከዚህም በላይ ተከራካሪዎቼ የዘነጉት ነገር አለ፦ በኤአር-10 ዓይነት ጠመንጃ ሁለቱ ጥይቶች በአንድ መቀርቀሪያና በአንድ ካዝና ይሠራሉ። የ.308ቱ አፈሙዝ ሲያረጅ ወዳጄ በክሪድሙር አፈሙዝ ሊተካው ይችላል፤ የቀረው ባለበት ይቆያል። (ብቻ ክፍሎቹን ከአንድ ሠሪ ቤት ይግዛ። ኤአር-10 እንደ ታናሽ ወንድሙ ኤአር-15 ሁሉን የሚያስማማ አንድ ልክ የለውም፤ የአንዱ ላይኛ አካል በሌላው ታችኛ ላይ እምቢ ሲል ብዙ ሰው ተበሳጭቷል።)

የድሮ ሰው መባሉን አልጠላም። ወዳጄ ግን በአዲሱ ጥይት ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ትርፉን በ.308 ሣጥን ይለውጠውና አንድ ሺህ ያህል ተኩሶ ይምጣ። ያን ጊዜ ስለ ነፋስ እንከራከራለን፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።