የአምስት ሰዓት ቅምሻ

ቅቤ ተራ ሳይቀምስ የሚገዛ የለም። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ በጥፍሯ ጫፍ ቆንጠር ታደርግና መጀመሪያ ታሸተዋለች። ከዚያ የእጇ ጀርባ ላይ አሸት ታደርገዋለች። ምላሷ ላይ የምታስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። ሻጯ “ለጋ ነው እናቴ፣ ትናንት የተናጠ” ብላ ብትምልም ባትምልም ለእሷ ለውጥ የለውም። ግማሽ ቀን ሙሉ ስትቀማምስ ውላ ባዶ ዘንቢል ይዛ የተመለሰችበት ቀን ትዝ ይለኛል። “ሁሉም ሙዝ የገባበት ነው” አለችና ሽሮ በዘይት በላን።

የቪዲዮ ጌም ሠሪዎች “ዴሞ” የሚሉት ያው ቅምሻ ነው። ከጨዋታው ቆንጠር አድርገው በነፃ ይሰጡሃል፤ ከጣመህ ትገዛለህ። አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀምሱህ ግን ከላይ የተለበጠውን ነው፦ ሃያ ደቂቃ የሚያምር ፍልሚያ፣ አንድ ግዙፍ ጭራቅ፣ ከዚያ “አሁኑኑ ይግዙ”። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ለመስቀል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ መስከረም 15 ቀን፣ ደውሎ “ጋሼ፣ የአምስት ሰዓት ዴሞ ወጣ! በነፃ!” ሲለኝ መጀመሪያ የቀለደ መስሎኝ ነበር። አምስት ሰዓት እኮ ቅምሻ አይባልም፤ ምሳና እራት ነው።

ጨዋታው “ሜታፎር፡ ሪፋንታዚዮ” ይባላል። የሠራው አትለስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ነው። ዳይሬክተሩ ካትሱራ ሃሺኖ “ፐርሶና” ከሚባሉት ጨዋታዎች 3ን፣ 4ንና 5ን የመራው ሰው ነው፤ ለብዙ ዓመታት የዛሬዎቹን የጃፓን ተማሪዎች ታሪክ ሲሠራ ኖሮ አሁን ንጉሥና ተረት ውስጥ ገባ። ሥራው ለሕዝብ የተነገረው በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ነበር። ጨዋታው ሲወጣ ስምንት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር።

እኔ ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ እንግዳ መሆኔን መደበቅ አልፈልግም። ጌም የማውቀው ሰፈራችን ከነበረው ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። እዚያ የሚከፈለው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ያስረክብና ይነሣል። በዚህ ሕግ ሰባ ሰማንያ ሰዓት የሚፈጅ ተረት ቦታ የለውም። ከኋላው ስድስት ልጅ ተሰልፎ “ቶሎ በል እንጂ!” እያለው ከአንድ ገበሬ ጋር ቆሞ ስለ መንገዱ የሚያወራ ማን አለ? ስለዚህ ኳስ ብቻ አወቅን። የእህቴ ልጅ ትውልድ ላፕቶፕ ስለያዘ ነው ይህን ዓለም ያገኘው።

ዴሞው ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ በማግስቱ፣ ደመራው ተለኩሶ ሰው ወደየቤቱ ሲመለስ፣ እኛ በር ዘግተን ተቀመጥን። ጨዋታው የሚነሣው ከጥያቄ ነው፦ ልብ ወለድ የገሃዱን ዓለም የመለወጥ አቅም አለው ብለህ ታምናለህ ወይ? ቀጥሎ ስም ይጠይቃል፤ የባለታሪኩን ሳይሆን የተጫዋቹን። ስሜን በላቲን ፊደል ጻፍኩ፤ የእኛ ፊደል የለውም። ከዚያ ጣቴ ዝም ብሎ የአባት ስም የሚሞላበትን ቦታ ፈለገ። የለም። አንድ ስም ይበቃዋል።

ሳቄ መጣ። ከሁለት ዓመት በፊት ቤት ልከራይ ሄጄ ነበር። አከራይዋ ደርባባ ሴት ናቸው፣ ቡና አቅርበው ነው ያናገሩኝ። ስሜን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። “የአባትህስ?” አሉ። ነገርኳቸው። ስኒውን ቁጭ አደረጉና፣ “የአያትህስ?” እሱን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ አንድ ሒሳብ ተሠርቶ ሲያልቅ አየሁት። ቤቱ ለካ ለዘመድ ተይዞ ኖሯል። ቡናው ጥሩ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጨዋታው ራሱ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ዩክሮኒያ የሚባል መንግሥት አለ። አልጋው ላይ የተኛው ንጉሥ በገዛ የጦር አለቃው በሉዊ ይገደላል። ልዑሉ በእርግማን ከተኛ ቆይቷል፤ አገሩ ግን ሞቷል ብሎ ካለቀሰ ከርሟል። አንድ የልዑሉ ባልንጀራ የሆነ ወጣት፣ ጋሊካ ከምትባል እፍኝ ከማትሞላ ተረበኛ መንፈስ ጋር፣ ልዑሉን ሊያድን ወደ ዋና ከተማው ወደ ግራንድ ትራድ ይሄዳል። አገሩ ብዙ ነገድ ያለበት ነው። ክሌማሮች ቀንድ አላቸው፣ ኢሽኪያዎች ክንፍ፣ ሙስታሪዎች ሦስተኛ ዓይን፤ ፓሪፐሶች ጆሯቸው የእንስሳ ስለሆነ ከታች ናቸው። የእኛ ልጅ ኤልዳ ነው። ኤልዳ ቀንድም ክንፍም የለውም፤ ቁርጥ እኔንና አንተን ነው የሚመስለው። እና ከሁሉም የተናቀው፣ ርጉም የሚባለው፣ እሱ ነው። ከተማው ውስጥ ሲያልፍ ይንሾካሾኩበታል፣ መንገድ ይለቁለታል፤ ለክብሩ እንዳይመስላችሁ።

እዚያ አገር ማንም የአያትህን ስም አይጠይቅም፤ ግንባርህን ማየት ይበቃዋል። እኛ ዘንድ ፊት ብዙ ስለማይናገር ስም እንጠይቃለን፣ ስም ሲያምታታ አነጋገር እናዳምጣለን። የቀድሞው የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ “ብሔር” የሚል መስመር ነበረውና ከዚህ ሁሉ ድካም ያሳርፈን ነበር። (አዲሱ የፋይዳ መታወቂያ ላይ ይህ መስመር የለም፤ አከራዮች ምን ይውጣቸው ይሆን?)

ወጣቱ ከቦርሳው የማይለየው አንድ መጽሐፍ አለ፤ በነገድ የማይለያዩ፣ ሁሉም በሕግ ፊት እኩል የሆኑ ሰዎች ስለሚኖሩበት ምናባዊ አገር የሚያወራ ልብ ወለድ። ረጃጅም የመስታወት ሕንፃዎች አሉበት። ማለትም የእኛ ዓለም ነው፤ ለእሱ እኛ ነን ተረቱ። የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ወደ እኔ ዞር ብሎ “የት አገር ነው ደግሞ ይሄ?” አለ። እኔም ማወቅ ፈለግኩ። የመጽሐፉ ደራሲ ሞር ይባላል፣ የተገደለው ንጉሥ ደግሞ ሂትሎዲየስ። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር “ዩቶፒያ”ን ያሳተመው በ1516 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚያች የትም የሌለች አገር የሚተርከው መንገደኛም ስሙ ሂትሎዲየስ ነው።

በዚያው ዓመት የሞተ አንድ ሠዓሊ አለ፤ ሆላንዳዊው ሂየሮኒመስ ቦሽ። ሠሪዎቹ ጭራቆቻቸውን የወሰዱት ከእሱ ሥዕሎች ነው። ወጣቱ ለውትድርና ተመዝግቦ የተላከበትን የድንበር ምሽግ የሚያፈርሰው ፍጡር ሆዱ የተሰበረ እንቁላል ነው፤ እጅና እግሩ ከየት እንደበቀለ አይታወቅም። አስፈሪነቱ ከትልቅነቱ አይደለም፤ ቅጡ ከመጥፋቱ ነው። እነዚህን ፍጥረታት የአገሩ ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሯቸው ስሰማ ግን ጆይስቲኩን አስቀመጥኩ። “ሰው” ይሏቸዋል። ቀንዳሙም ክንፋሙም ራሱን በነገዱ ነው የሚጠራው፤ “ሰው” የሚለው ቃል የቀረው ለጭራቁ ብቻ ነው።

ወደ ፍልሚያው ልምጣ። ሁለት ዓይነት ነው። ሜዳ ላይ ያገኘኸውን ደካማ ጠላት እዚያው እየሮጥክ በሰይፍ ትጨርሰዋለህ። ጠንካራውን ግን ቀድመህ መትተህ ካደነዘዝከው በኋላ ተራ በተራ ወደሚመታበት ፍልሚያ ታስገባዋለህ፤ እሱ ከቀደመህ ወዮልህ። የተራው ሕግ ገበጣን አስታወሰኝ። ገበጣ ላይ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ያልሆነ ጉድጓድ ስትገባ ተራህ አያልቅም፣ ትቀጥላለህ። እዚህም የጠላትን ደካማ ጎን ካገኘኸው የሚቆረጥብህ ግማሽ ተራ ነው፤ ከሳትከው ደግሞ ያለህንም ታጣለህ። ሕጉ ለጠላትም ያው ነው። አንድ መጥፎ ምርጫ መርጬ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ስቀጠቀጥ የእህቴ ልጅ በሳቅ ፈነዳ። ደግነቱ አንድ ቁልፍ ተጭነህ ፍልሚያውን ከመጀመሪያው ትጀምረዋለህ፤ ፕሌይስቴሽን ቤት እንዲህ ያለ ምሕረት አልነበረም።

ጀግናው ኃይሉን የሚያገኘው ደረቱን ፈልቅቆ ልቡን በእጁ አውጥቶ ነው። ልቡ የብረት ነው፣ ገመድ አለው። ያን እንደ ማይክ አፉ ላይ ደቅኖ ይጮህበታል። በጽሑፍ ሲነገር ያስቃል። ምሽጉ እየነደደ፣ ጓዶቹ እየወደቁ፣ ሲፈራ የቆየ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ ግን ጀርባዬን ቅዝቅዝ አለኝ።

ሙዚቃው ለብቻው ዓምድ ይወጣዋል። ፍልሚያ ሲጀመር አንድ ድምፅ በፍጥነት ያዜማል፤ ቋንቋው ጃፓንኛም እንግሊዝኛም አይደለም። የደረሰው ሾጂ ሜጉሮ ነው፣ የሚያዜመው የቡድሃ መነኩሴ ነው፣ ቋንቋው ኤስፔራንቶ ነው። “ፋንታዚዮ” የሚለው ራሱ የኤስፔራንቶ ቃል ነው። ያን ቋንቋ ዛሜንሆፍ የተባለ የዋርሶ ሐኪም በ1887 እ.ኤ.አ. ያወጣው የተለያየ ቋንቋ ያለው ሕዝብ በአንድ ልሳን ቢነጋገር ይፋቀራል ብሎ ነው። አንድም ቃል አልገባኝም። ግዕዝ ሳይገባን ቅዳሴ ቆመን ላደግን ሰዎች ግን ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ለእኛ የተሠራ ይመስላል።

ነውር የለውም ማለቴ አይደለም። የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ከመጫወት ይልቅ ማየት ይበዛበታል፤ ጋሊካ ደግሞ የሚታየውን ሁሉ ካልተናገርኩ ባይ ናት። ምስሉ ለዘመኑ ደከም ያለ ነው፣ የሕንፃው ጠርዝ የመጋዝ ጥርስ ይመስላል። ላፕቶፑ ከተማው ውስጥ ስንገባ እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል። ገንዘቡና ጊዜው የት እንደሄደ የሚታወቀው ማውጫው ሲከፈት ነው፤ ዕቃ መምረጫ ገጽ እንዲህ በሥዕል አብዶ አይቼ አላውቅም። ሌላው ጉዳት የእነሱ ጥፋት አይደለም፦ መብራት ሄደ፣ የላፕቶፑ ባትሪ ካረጀ ቆይቷል፣ ካስቀመጥንበት ወዲህ የሠራነው ሁሉ ጠፋ። እንደገና ተዋጋነው።

አምስት ሰዓት የተባለው እኔን ሰባት ፈጀብኝ፤ የመንደሩን ሰው ሁሉ ሳናግር ነበር። ከኋላዬ የሚሰለፍ የለ። እናቴ ብትሆን በጥፍሯ ቆንጥራ፣ አሽታ፣ “ሙዝ የለበትም” ትል ነበር።

ከዚያ ዋጋውን አየነው። ሰባ ዶላር። የምንዛሪው ለውጥ ከመጣበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ከ110 አልፎ ነበር። ብሩ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እኔም የለኝም፣ እሱም የለውም። ሙሉው ጨዋታ ጥቅምት 1 ቀን ወጣ፤ በዚያው ቀን አንድ ሚሊዮን ቅጂ እንደተሸጠ ኩባንያው ተናግሯል። ከአንድ ሚሊዮኑ ውስጥ የለንበትም።

ዴሞው ግን አንድ ደግነት አለው፤ የተጫወትከው አይጠፋም። ጨዋታውን የገዛህ ቀን ካቆምክበት ትቀጥላለህ። ቨርጂንያ ያለው የአጎቱ ልጅ “ለገና አያለሁ” ብሎታል፤ ገና ደግሞ የፈረንጅ ይሁን የእኛ አልተናገረም። ላፕቶፑ እስከዚያ መኖሩን ስለተጠራጠርን የእህቴ ልጅ ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጠልኝ፣ ነጭ ፕላስተር ለጠፈበትና እስክሪብቶ አቀበለኝ። ስሜን ጻፍኩበት፣ አንዱን ብቻ። አሁን ከቤቱ ቁልፍ ጋር ኪሴ ውስጥ ይንኳኳል።