ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቆራጣ

በውቅያኖስ ዳር ባሉ አገሮች ወጣቶች ጣውላ ላይ ቆመው በማዕበል ይንሸራተታሉ፤ ሰርፊንግ ይሉታል። የእኛ ጣና ያ የለውም፤ የደንገል ታንኳ ግን አለው። ታንኳን የሚንቅ አንድ ቀን ይቀመጥበት!

በቅርቡ አንድ ባልና ሚስት ከሐሙሲት ስለ 15 ዓመት ልጃቸው ሊያማክሩን መጡ። በሥራ ዝውውር ወደዚያ ከሄዱ ወዲህ ልጁ ጓደኛ አልነበረውም። በትምህርት ቤት “ጴንጤ” እያሉ ያሾፉበታል፤ ቤት ሲገባ ከማንም አይነጋገርም። አሁን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ቆራጣ፣ ሐይቁ ዳር ይውላል። የሚወስደው የክፍል ጓደኛው ነው፤ ሐሙሲት ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ ወደ ወላጆቹ የሚሄድ የኦርቶዶክስ ልጅ። አባት “ይከልከል” አለ። እናት አለቀሰች።

እኔ ግን ልጁን ጠየቅሁት። እንዴት እንደፈታ ብታዩ! የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ወድቋል። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ማዕበሉ ይመጣል። ያን ጊዜ ጎንን መስጠት አይገባም፤ አፍንጫውን ወደ ማዕበሉ አዙሮ መቅዘፍ ነው። ደንገል ውኃ ስለሚጠጣ ታንኳው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አያገለግልም፤ ሌላ ይታሰራል። “ስወድቅ አልሳቀብኝም፤ መቅዘፊያውን መልሶ ሰጠኝ” አለኝ።

አባትየውን እንዲህ አልሁት፦ ስለ ውኃው መፍራትህ ልክ ነው። መጀመሪያ ዳር ላይ ዋና ይማር፤ ነፋሱ ሳይነሣም ይመለስ። ስለ ጓደኛው ግን አልስማማም። ልጅህ ዓመት ሙሉ ብቻውን ሲቀመጥ ከእኛ ወጣቶች ማን ቤቱን አንኳኳ? (ይህን ስል የራሴም ልብ ወቀሰኝ፤ ሐሙሲት ከባሕር ዳር ሩቅ አይደለችም።) በገሊላ ባሕር ማዕበል የተነሣ ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ አንዳንዶቹ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ፤ እነርሱም ፈርተዋል። ልጅ ቢፈራ ምን ይደንቃል? ብቻውን ሲፈራ ነው የሚከፋው።

አባት ዝም ብሎ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡናና ስኳር ይዞ የልጁን ጓደኛ እናት ሊጠይቅ ቆራጣ ወረደ። ቡና ተፈላለት። ከዚያ ታንኳው ላይ ልቀመጥ ብሎ ከነጫማው ውኃ መግባቱን ልጁ በስልክ እየሳቀ ነገረኝ።