በጭነት ሰነድ ላይ «ዕቃ ተቀባይ» ማን ነው? ከጅቡቲ እስከ ወልድያ የሚጓዝ የሐላል ጥያቄ

በወልድያና በመርሳ ሱቆች የሚሸጠው ሩዝ፣ ጨርቅ፣ ጎማና የሶላር መብራት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ነው። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ በጅቡቲ በኩል እንደሚያልፍ ይታወቃል። እያንዳንዱ ኮንቴይነር ቢል ኦፍ ሎዲንግ የሚባል የጭነት ሰነድ አለው። በሰነዱ ላይ ላኪ፣ ዕቃ ተቀባይ እና መርከቡ ሲደርስ የሚነገረው ወገን በየመስመራቸው ይጻፋሉ። ብዙ ነጋዴ ዋጋውንና የሚደርስበትን ቀን እንጂ ይህን መስመር አያየውም። ከወለድ ነፃ በሆነ መንገድ ዕቃ ለሚያስመጣ ሙስሊም ነጋዴ ግን ከሁሉ በፊት መነበብ ያለበት ይህ መስመር ነው እንላለን።

ዕቃ ተቀባይ ማለት በመድረሻው ቦታ ጭነቱን ከአጓጓዡ የመረከብ መብት ያለው ወገን ነው። መብቱ ግን ከነዕዳው ነው የሚመጣው። ዕቃው በወቅቱ ካልተነሣ የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ ይቆጠርበታል። መርከቡ አደጋ ገጥሞት ጉዞውን ለማትረፍ ወጪ ከወጣ ደግሞ፣ በባሕር ንግድ ልማድ የጭነት ባለቤቶች ሁሉ የድርሻቸውን ካላዋጡ ወይም ዋስ ካላቀረቡ ዕቃቸው አይለቀቅም። ከኅዳር 2016 ጀምሮ በቀይ ባሕር መርከቦች ሲጠቁና የማጓጓዣ ዋጋ ሲንር ይህ ስጋት ወደ ደጃችን ቀርቧል።

በኤልሲ ሲገዛ በተቀባዩ መስመር ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ለባንኩ ትእዛዝ» የሚል ነው። አስመጪው የሚጠቀሰው መርከቡ ሲደርስ እንደሚነገረው ወገን ነው። ባንኩ ሰነዱን በፊርማ ካላስተላለፈለት ዕቃውን መረከብ አይችልም። በመደበኛው ባንክ ይህ ለብድሩ መያዣ ነው። ባንኩ የሚፈልገው ገንዘቡን እንጂ ዕቃውን አይደለም።

በሙራበሓ ግን ነገሩ ይለያል። ሙራበሓ ብድር ሳይሆን ሽያጭ ነው። ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ተረክቦ፣ የገዛበትንና የሚያተርፈውን ገልጾ ለደንበኛው ይሸጣል። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብ የገዛ ሰው ሳይረከበው እንዳይሸጥ ከልክለዋል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ሌላውም ዕቃ እንደ ምግብ ነው የሚል አመለካከት ነበራቸው። ኢማሙ ሻፊዒይ ክልከላውን በሁሉም ነገር ላይ አድርገውታል። ኢማሙ አቡ ሐኒፋ እንደ መሬት ያለውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለይተዋል፤ ኢማሙ ማሊክ ደግሞ በምግብ ወስነውታል። በዳናና በሌሎች የወሎ የዕውቀት ማዕከላት ፊቅህ ለቀሩ ወገኖቻችን ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ቃል እንዳያሳስተን። በገበያችን «ቀብድ» ስንል ቅድሚያ የሚከፈል ገንዘብ ማለታችን ነው። በፊቅህ «ቀብድ» መረከብ ነው። ቅድሚያ ክፍያ ስለተሰጠ ዕቃው ተረክቧል አይባልም። ከወልድያ መርካቶ ደውሎ ቀብድ የላከ ነጋዴ፣ ኤፍኤስአሩ ሳይጫን ዕቃውን ለመርሳ ቸርቻሪ ቢሸጠው ጥያቄው እሱንም ይነካዋል።

ታዲያ ባሕር ላይ ያለ ዕቃ እንዴት ይረከባል? የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ በ1990 እ.ኤ.አ. በጅዳ ባደረገው ጉባኤ፣ መረከብ በእጅ ብቻ ሳይሆን በሕግና በልማድም ሊሆን እንደሚችል ተቀብሏል። ለእስላማዊ የፋይናንስ ተቋማት መመዘኛ የሚያወጣው አዩፊም ባንኩ ወይም ወኪሉ የጭነት ሰነዱን መቀበሉን እንደ መረከብ ይቆጥረዋል። ስለዚህ የባንኩ ስም በተቀባዩ መስመር ላይ መኖሩ ጥሩ ምልክት ነው። ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። መደበኛው ባንክም ያንኑ ቃል ይጽፋልና።

ልዩነቱን የሚያሳየው ኪሳራ ነው። በፊቅህ ጥቅም ከኃላፊነት ጋር ነው። ዕቃው ከተጫነበት ሰዓት ለደንበኛው እስከሚሸጥበት ሰዓት ድረስ ቢሰምጥ፣ ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ የማን ነው? መልሱ «የባንኩ» ከሆነ ትርፉ የነጋዴ ትርፍ ነው። ውሉ ገና ከመጀመሪያው ሁሉንም ኪሳራ በደንበኛው ላይ ከጫነ ግን ባንኩ በስም ተቀባይ፣ በተግባር አበዳሪ ሆኗል። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ጦርነት ያለፈበት የሰሜን ወሎ ነጋዴ ይህን ጥያቄ ቅንጦት ነው አይለውም።

ሌላም እንቅፋት አለ። የአስመጪ ንግድ ፈቃዱና የግብር ከፋይ ቁጥሩ የደንበኛው ናቸው፤ የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑም በእሱ ስም ይሞላል። ከላኪው ጋር የተደራደረውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ደንበኛው በራሱ ስም ግዢውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ባንክ ቢሄድ፣ ባንኩ የሚገዛው ነገር አይኖርም። መውጫው ደንበኛው ከላኪው ጋር ከመዋዋሉ በፊት ባንኩ በጽሑፍ ወኪል እንዲያደርገውና በባንኩ ስም እንዲገዛ ነው። የሽያጭ ውሉም ሰነዱ ከመጣ በኋላ ለብቻው ይፈረማል።

ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ከጀመረ፣ ሂጅራና ሌሎችም ከተከተሉ ወዲህ አማራጩ ሰፍቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ደግሞ የብር ዋጋ በእጅጉ ወርዷል፤ አንዲት ስህተት የምታስከፍለውም በዚያው ልክ ጨምሯል። ስለዚህ ነጋዴዎቻችን ከመፈረማቸው በፊት አራት ነገር ይጠይቁ። በተቀባዩ መስመር ላይ ማን ተጽፏል? እስከ ሽያጩ ድረስ ኪሳራው የማን ነው? የውክልናውና የሽያጩ ውል ተለያይተዋል? ክፍያ ሲዘገይ የሚጣል ቅጣት ካለ ለበጎ አድራጎት ይውላል ወይስ የባንኩ ገቢ ይሆናል? የባንኮቹ የሸሪዓ አማካሪዎችም መልሱን በአማርኛ፣ በግልጽ ጽሑፍ ለደንበኛ ቢሰጡ እምነቱ ይጠነክራል።

የመጨረሻው ነጥባችን ስለ ቦታ ነው። የእኛ አካባቢ ነጋዴ በአብዛኛው በሰነዱ ላይ ስሙ የለም፤ ተቀባዩ የአዲስ አበባ አስመጪ ነው። ኮንቴይነሩ ሚሌን አልፎ ሞጆ ይወርዳል፤ ዕቃው ከመርካቶ ተጭኖ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተመልሶ ወልድያ ይደርሳል። የዚህ ሁሉ ኪራይ የሚከፈለው በመጨረሻ ከሐብሩ ገበሬ ኪስ ነው። በ2007 የተጀመረው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ ባቡር አገልግሎት ቢጀምር ኖሮ መንገዱ ባጠረ ነበር። እስከዚያው ግን ኮምቦልቻ ላይ ደረቅ ወደብ አለ። የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ነጋዴዎች ሙሻረካ አቋቁመው፣ የአስመጪ ፈቃድ አውጥተው፣ መድረሻውን ኮምቦልቻ ቢያደርጉ ቢያንስ አንዱን ትርፍና አንዱን ኪራይ ይቀንሳሉ። ያኔ በባንኩ ስም የመጣውን ሰነድ በሽያጭ የሚረከበው የአካባቢው ሰው ይሆናል፤ ዕዳውም በረካውም በእሱው እጅ ይገባል። ወላሁ አዕለም።