ደረሰኙ የት አለ?

ሰሞኑን አንዲት ጎረቤቴ ጠበቃ ልታማክር ስትሄድ አጅቤያት ነበር። ልጇን ሚኒባስ ገጭቶት እግሩ ተሰብሯል። ጠበቃው ታሪኩን በትዕግሥት ሰማና «የመድኃኒቱና የራጁ ደረሰኝስ?» አላት። «ጣልኩት የኔ ልጅ፣ ምን ያደርግልኛል ብዬ» አለችው።

በእሷ አይደለም የተናደድኩት። ያን ሁሉ ቀን አልጋው ሥር ስንመላለስ «እግዜር ይማረው» ከማለት አልፈን «ወረቀቱን አስቀምጪ» ያላት አንድ ሰው አለመኖሩ ነው ያንገበገበኝ።

ሕጉ እኮ ለተጎጂው አዝኖለታል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የመኪናው ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም፣ መኪናውን የነዳው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። ጉዳቱ ስንት እንደሆነ ማስረዳት ግን የከሳሹ ፋንታ ነው። ዳኛው እንባ አይቶ ሊያዝን ይችላል፤ የሕክምና ወጪ የሚቆርጠው ግን ማስረጃ አይቶ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ፋይል ይከፈት። የትራፊክ ፖሊሱ ሪፖርትና ፕላን ይግባበት። ባለንብረቱ መሪ ከጨበጠው ሰው ሊለይ ስለሚችል ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ይጣራ። ቁስሉ ሳይሸፈን ፎቶ ይነሳ፣ ቀኑም ይጻፍ። የታክሲው ወጪ ሳይቀር ይመዝገብ። የአካል ጉዳቱን በመቶኛ የሚገልጽ የሕክምና ቦርድ ማስረጃም ያስፈልጋል፤ ወደፊት የሚቀረው ገቢ ሲሰላ ክርክሩ የሚዞረው በዚያ ቁጥር ላይ ነው። የቀን ሠራተኛ የደመወዝ ደብዳቤ ከየት ያመጣል? አሠሪውና አብረውት የሚውሉት በምስክርነት ይቆጠሩለት። ይህ ሁሉ ከክስ ማመልከቻው ጋር ተዘርዝሮ ይቀርባል፤ በሌላ መሥሪያ ቤት እጅ ያለውን ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርብ መጠየቅ ይቻላል። ዋናውን ቤት አስቀምጦ በቅጂ ብቻ መቅረብም አይበጅም፤ ማገናዘብ ይመጣል። ጊዜውም አይጠብቅም፦ ጉዳዩ ረዘም ያለ ይርጋ ካለው ወንጀል ጋር ካልተያያዘ በቀር ክሱ መቅረብ ያለበት በ2 ዓመት ውስጥ ነው።

«ይህ የጠበቃ ሥራ ነው» የሚሉ አሉ። የተጣለ ደረሰኝ የትኛው ጠበቃ ያመጣል? «ካሳ መጠየቅ ነውር ነው፣ ሾፌሩም ደሃ ነው» የሚሉትም የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ የሆነው ለዚህ መሆኑን ይወቁት።

ከጠበቃው ስንወጣ እናትየው አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ልጁ ሌሊት እየባነነ ይጮሃል፤ መንገድ መሻገር ይፈራል። «ይህስ በምን ወረቀት ይቀርባል?» አለችኝ። እዚህ ላይ ከሕጉ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። የሐኪም ማስረጃው ቢከመር፣ ምስክሩ ቢሰለፍ፣ የዚያው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 እንዲህ ላለው የሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኗል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ያኔ 1,000 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ የዚያ ልጅ የአንድ ቀን መድኃኒት አይገዛም። ዳኛው ቢያዝንም እጁ ታስሯል።

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይህን ጣሪያ ያንሣ፤ መጠኑን ዳኞች ማስረጃውን አይተው ይወስኑት። እናንተም እስከዚያው ደረሰኛችሁን አትጣሉ።