የኩባንያን ደረቅ ቼክ ማን ያመልክት? ጥቆማን ከክስ የመለየት አስፈላጊነት

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ የሚገኝ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር በገለጉ ቅርንጫፍ ከፍቶ ለሰሊጥ አልሚዎች ፀረ አረምና የትራክተር መለዋወጫ በዱቤ ይሸጣል እንበል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ የተቀበለው ቼክ በቂ ስንቅ የለውም ተብሎ ከባንክ ይመለሳል። ቼኩ የተጻፈው በማኅበሩ ስም ነው፤ በእጁ የያዘው ግን የቅርንጫፉ ሠራተኛ ነው። ለፖሊስ ማመልከት የሚችለው ማን ነው? መልሱ ወንጀልን መጠቆምና የራስን መብት መጠየቅ የተለያዩ መሆናቸውን ከመረዳት ይጀምራል።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 በቂ ስንቅ ሳይኖር አስቦ ቼክ ማውጣትን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ የሚችል ወንጀል አድርጎታል። ድርጊቱ በግል አቤቱታ ብቻ ከሚያስቀጡ ወንጀሎች ተርታ አልተመደበም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 እንደሚደነግገው ደግሞ ማንኛውም ሰው፣ ድርጊቱን በዓይኑ ባያይም እንኳ፣ ወንጀል መፈጸሙን ማመልከት ይችላል። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው። ስለዚህ የቅርንጫፉን ሠራተኛ «ውክልና አምጣ» ብሎ መመለስ ሕጉ ያላስቀመጠውን ቅድመ ሁኔታ መጨመር ይሆናል።

የሕንድ ሕግ ለንጽጽር ይጠቅማል። የ1881ዱ (እ.ኤ.አ.) የሚተላለፉ ሰነዶች ሕግ አንቀጽ 142 ፍርድ ቤት የቼክ ወንጀልን የሚያየው ተከፋዩ ወይም ሕጋዊው አምጪ በጽሑፍ አቤቱታ ሲያቀርብ ብቻ መሆኑን ይደነግጋል። በዚህ ምክንያት ለኩባንያ ማን ይቆማል የሚለው ክርክር የሀገሪቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደጋግሞ አስጨንቋል። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ስለ ጉዳዩ የሚያውቅ ወኪል አቤቱታ ማቅረብና መመስከር እንደሚችል፣ በ2022 ደግሞ አቤቱታው በኩባንያው ስም ሆኖ በተፈቀደለት ሰው ከቀረበ በቂ መሆኑን ወስኗል። የኢትዮጵያ ሕግ ይህን ጥያቄ ገና ከመነሻው አስወግዶታል፤ የሌላውን ሀገር ችግር መዋስ አያስፈልግም።

ገንዘቡን ማስመለስ ግን ሌላ ነው። በፍትሐ ብሔር ክስም ሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት በወንጀሉ ችሎት በሚቀርብ የካሣ ጥያቄ፣ ባለመብቱ ማኅበሩ ራሱ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ወኪል ያለ ልዩ ውክልና በፍርድ ቤት ሊከስ ወይም ሊከራከር አይችልም። ቼክ በ6 ወር ውስጥ ለክፍያ መቅረብ ስላለበትና የቼክ ክስም አጭር ይርጋ ስላለው፣ ውክልናው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መጠበቅ መብትን ሊያሳጣ ይችላል።

ጥቆማን ለሁሉም ክፍት ማድረግ የወንጀል ሕጉን የዕዳ ማስከፈያ ዱላ ያደርገዋል የሚል ሥጋት ይነሳል። ሥጋቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። መፍትሔው ግን በሩን መዝጋት ሳይሆን ዐቃቤ ሕግ የባንኩን ማረጋገጫና የአውጪውን ሐሳብ መርምሮ እንዲወስን ማድረግ ነው።

እንግዲህ ፖሊስ ጥቆማውን ያለ ውክልና ይቀበል፤ ማኅበራትም ከአዝመራው በፊት፣ ቼክ ሳይመለስ፣ ለቅርንጫፍ ኃላፊዎቻቸው ልዩ ውክልና ይስጡ። ዋና መሥሪያ ቤት ርቆ በሚገኝበት የጠረፍ ከተማ ሕግ ሥራውን በጊዜው የሚሠራው ሁለቱም ሲሟሉ ነው።