የማይታየው ችግርና የመምህሩ ድርሻ

የፋርጣ አርሶ አደር ገብስና ድንች ሸጦ ወደ ደብረ ታቦር ለከፍተኛ ትምህርት የላከው ልጅ፣ በቃል ሲጠየቅ አጥርቶ የሚመልስ ሆኖ ሳለ ፊደል እየተምታታበት በጽሑፍ ፈተና ቢወድቅ፣ «ሰነፍ» ተብሎ መሸኘቱ የሰፊው ሕዝብ ጥሪት ብክነት መሆኑ ሊሰመርበት ይገባል።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 650 ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርትና ተጨማሪ የፈተና ጊዜ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። እርምጃው ትክክለኛ ነበር፤ ድንጋጌው በስም የጠራው ግን የአካል ጉዳትን ነው። ዓይነ ስውሩን ተማሪ ማንም ይለየዋል፤ የማንበብ ችግር ያለበትን የሚለየው ነቅቶ የሚከታተል መምህር ነው፤ እርሱም ክፍሉ ከተጨናነቀ መቼ ያያል?

ጥያቄን ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ማስታወሻን አስቀድሞ ማደል፣ የቃል ፈተና መፍቀድ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞች በየስብሰባቸው ይህንኑ ከመምህራኑ ጋር ፊት ለፊት ሊወያዩበት ይገባል።